ምዕራፍ ስድስት፦ የፎቶግራፍ ምስል ከወረቀት ወደ ጨርቅ፣ ወደ እንጨትና ወደ ሸክላ የሚሻገርበት መንገድ

በወረቀት ላይ የታተመ ፎቶግራፍ ወደ ጨርቅ ወይም ወደ እንጨት ተሻገረ ሲባል፣ ከአንዱ ገጽ ተነሥቶ በሌላው ላይ የሚያርፈው ምስሉን የሠራው ቁስ ነው፤ ይህም ቁስ እንደ አሠራሩ የፕላስቲክ ዱቄት፣ ስስ የሙጫ ሽፋን ወይም በሙቀት ወደ ጋዝነት የተለወጠ ማቅለሚያ ሊሆን ይችላል። በአንድ እጥበት የሚለቅ ቲሸርትና ዓመታት የሚያገለግል ቲሸርት፣ በእንጨት ላይ ጠርቶ የሚታይ ፊትና ከወረቀቱ ጋር ተፈግፍጎ የሚጠፋ ፊት የሚለያዩት በዚሁ ቁስ ምክንያት ነው። ስለሆነም ስለ ካውያና ስለ ማጣበቂያ ከመነጋገር አስቀድሞ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል፤ ቀለሙ የተሠራው ከምንድን ነው? የሚያርፍበት ገጽስ ከምን የተሠራ ነው? ለምርቃት፣ ለማኅበር ወይም ለሙት ዓመት መታሰቢያ ተብሎ ከሚሠራው ሥራ መካከል የሚበላሸው አብዛኛው ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ሳይመለስ ሥራው በመጀመሩ የሚበላሽ ነው።

የቀለሙ ባሕርይ

ምስልን በወረቀት አሸክሞ ከገጽ ወደ ገጽ ማሻገር ከፎቶግራፍ ራሱ በዕድሜ የሚበልጥ ጥበብ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ አገር፣ ሠዓሊዎች እያንዳንዱን የሸክላ ንጣፍና ሳሕን በእጃቸው ይሥሉ የነበረውን ሥራ የሚተካ ዘዴ ተገኘ፤ ዘዴውም በተቀረጸ ሰሌዳ ላይ የተቀባውን ቀለም በስስ ወረቀት ማንሣትና፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን በሸክላው ላይ ተጭኖ ምስሉን እዚያ እንዲተው ማድረግ ነበር። የሊቨርፑል ነዋሪዎች የነበሩት ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን በመሐላ ባስመዘገቡት ቃል፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1756 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው እገዛ ከ1,200 የሚበልጡ ንጣፎችን አትመዋል። ያን ጊዜ የተያዘው መርሕ ዛሬም አልተለወጠም፤ ጊዜያዊው ተሸካሚ ወረቀት ቀለሙን በቀላሉ የሚለቅ፣ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት።

ፎቶ ኮፒ ማድረጊያና ሌዘር ፕሪንተር ራሳቸው የማሻገሪያ መሣሪያዎች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አሜሪካዊው ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1938 በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ አስቶሪያ በተባለው ሰፈር ከረዳቱ ከኦቶ ኮርናይ ጋር ባደረገው ሙከራ፣ በድኝ የተለበጠ የዚንክ ሰሌዳ በጨርቅ ታሽቶ ኤሌክትሪክ እንዲይዝ ተደረገ፤ በመስታወት ላይ የተጻፉት የዕለቱ ቀንና የሰፈሩ ስም በብርሃን ተጣሉበት፤ ከዚያም ከዕፅዋት የተገኘ ደቃቅ ዱቄት ሲነሰነስበት ዱቄቱ በፊደላቱ ላይ ብቻ ተይዞ ቀረ። ዱቄቱ ወደ ሰም ወረቀት እንዲሻገር ተደርጎ በሙቀት ከተጣበቀ በኋላ የመጀመሪያው ደረቅ ቅጂ ተገኘ። ይህ ግኝት ዜሮክስ 914 በተባለው ማሽን አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ሲቀርብ፣ የዕፅዋቱን ዱቄት ቶነር ተክቶት ነበር። ቶነር ጥላሸት ወይም ሌላ ቀለም የተቀላቀለበት እጅግ የደቀቀ የፕላስቲክ ዱቄት ሲሆን፣ በማሽኑ ውስጥ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል። ፕላስቲክ በመሆኑም ውሃ አያሟሟውም፤ ይሁን እንጂ ሙቀት መልሶ ያለሰልሰዋል፣ እንደ አሴቶን ያሉ ኬሚካሎችም ያሟሙታል። ከዚህ በታች ከሚገለጹት ዘዴዎች አንዳንዶቹ የቆሙት በዚህ የቶነር ጠባይ ላይ ነው።

የኢንክጄት ፕሪንተር ቀለም ግን ፈሳሽ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማቅለሚያው በውሃ ውስጥ ፈጽሞ የሟሟበት፣ ደማቅ ነገር ግን እርጥበት ሲነካው የሚሮጥና ፀሐይ ቶሎ የሚያፈዝዘው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የማይሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፉበት፣ ድምቀቱ ጥቂት ቀንሶ ጽናቱ የጨመረ ነው። የትኛው ማተሚያ ምን እንደሚጠቀም ያላወቀ ሰው ከኅትመቱ ጠርዝ ላይ በረጠበ ጣት አሽቶ ማየት ይችላል፤ ቀለሙ ጣቱን ካጠቀሰው ወይም ከተንዘላዘለ፣ ያ ኅትመት ውሃ ለሚነካው የማሻገር ሥራ እንደማይሆን ከወዲሁ ታውቋል።

ከሁለቱም ማተሚያዎች የሚጎድል አንድ ቀለም አለ፤ እሱም ነጭ ነው። የቢሮም ሆነ የቤት ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ በፎቶግራፉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ሥፍራ ምንም ያልታተመበት፣ የወረቀቱ ንጣት የሚታይበት ባዶ ቦታ ነው። ወረቀቱ ሲቀር ንጣቱም አብሮ ይቀራል። በነጭ ነጠላ የተነሡ አንዲት እናት ምስል ጠቆር ወዳለ ሰሌዳ ቢሻገር፣ ነጠላው የእንጨቱን መልክ ይይዛል፤ የዓይናቸው ነጭና የጥርሳቸው ንጣትም ቡናማ ይሆናል። ምስሉ በጥቁር ቲሸርት ላይ ቢያርፍ ደግሞ እስከ ጭራሹ አይታይም። ጀማሪዎች ጥፋቱን በማጣበቂያው ላይ ቢጥሉም፣ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ ያልታተመን ነገር ሊያሻግር አይችልም።

ጨርቅ ላይ

በጨርቅ ላይ ለሚደረግ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው ትራንስፈር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በላዩ ላይ በሙቀት የሚቀልጥ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ በሽፋኑና በወረቀቱ መካከልም ሁለቱ በቀላሉ እንዲላቀቁ የሚያደርግ ሌላ ንብር የገባበት ነው። ምስሉ በሽፋኑ ላይ ይታተማል፤ ካውያ ወይም ሂት ፕሬስ የሚባለው ጠፍጣፋ የሙቀት መጫኛ ሲያርፍበት ሽፋኑ ቀልጦ በክሮቹ መካከል ይሰርጋል፤ ሲቀዘቅዝም ክሩን አቅፎ ይጠነክራል። ለነጭና ለፈዛዛ ጨርቅ የሚሆነው ዓይነት ሽፋኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነና በግንባሩ ተደፍቶ ስለሚተኮስ፣ ምስሉ በኮምፒውተር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ተገልብጦ መታተም አለበት፤ አለዚያ ጽሑፉ ሁሉ እንደ መስታወት ነጸብራቅ ተገልብጦ ይወጣል። ለጥቁርና ለደማቅ ጨርቅ የሚሆነው ግን ከምስሉ ሥር ነጭ ንብር ስላለው ሳይገለበጥ ታትሞ፣ ከመደቡ ተልጦና ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሙቀት በሚችል ወረቀት ተሸፍኖ ይተኮሳል። እንዲሁም ለኢንክጄት የተዘጋጀ ትራንስፈር ወረቀት ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሽፋኑ በማሽኑ ውስጣዊ ሙቀት ቀልጦ በማሞቂያው ላይ ሊጠመጠምና ማሽኑን ሊያበላሸው ይችላል።

የቤት ካውያ ለዚህ ሥራ ያገለግላል፤ ሆኖም ሙቀቱ በሁሉም ሥፍራ እኩል አይደለም፣ የእንፋሎት ቀዳዳዎቹ ያረፉባቸው ነጥቦችም ሳይጣበቁ ይቀራሉ። ስለዚህ እንፋሎቱ ተዘግቶ፣ ካውያው ለጥጥ በተመደበው ሙቀት ላይ ሆኖ፣ ጨርቁ ስፖንጅ ባለው የመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በጠንካራ ጣውላ ላይ ተዘርግቶ፣ በክብደት እየተጫኑና ቦታ እየቀያየሩ መተኮስ ይገባል። ወረቀቱን በትኩሱ መላጥ ወይም እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ እንደ ወረቀቱ ሥሪት ስለሚለያይ፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን መመሪያ ከሌላ ሰው ምክር ማስቀደም ይሻላል። አዲስ ጨርቅ አስቀድሞ ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ በፋብሪካ የተቀባው ስታርች በሽፋኑና በክሩ መካከል ገብቶ እንዳይያያዙ ያደርጋቸዋልና። ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ልብሱ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃና ያለ በረኪና ሊታጠብ ይችላል።

በእጅ የተሸመነ ጋቢና ነጠላ ለዚህ ዘዴ አይመቹም፤ ነገሩን ደፍሮ ለመናገር፣ አይሞከርባቸውም ቢባል የተሻለ ነው። የሸማኔ ሥራ ክሩ ወፍራምና ልል፣ ገጹም ወጣ ገባ ስለሆነ፣ የቀለጠው ሽፋን በክሮቹ ጀርባ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀርና ልብሱ ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። የሟች አባትን ወይም የተመራቂ ልጅን ምስል በጋቢ ላይ ለማኖር የሚፈልግ ሰው፣ ምስሉን ጠበቅ ብሎ በተሸመነ አቡጀዴ ላይ አሳርፎ አቡጀዴውን በጋቢው ላይ ቢያሰፋ፣ ልብሱም ምስሉም ሳይጎዱ ይኖራሉ።

ሁለተኛው የጨርቅ መንገድ ሰብሊሜሽን ይባላል፤ ይህም ጠጣር ነገር ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝነት የሚለወጥበት ሂደት ነው። በልብስ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ የናፍታሊን ክኒን ሣጥኑን ሳያረጥብ እያነሰ ሄዶ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ የተወሰኑ ማቅለሚያዎችም ሲሞቁ ሳይቀልጡ ይተናሉ። ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1957 በሩቤ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ ለፖሊስተር የሚያገለግሉ ማቅለሚያዎች ይህ ጠባይ እንዳላቸው በማስተዋሉ፣ ምስልን በወረቀት ላይ አትሞ በሙቀት ወደ ጨርቅ የማስገባት ኢንዱስትሪ መሠረት ተጣለ። ፖሊስተር ከፔትሮሊየም ውጤቶች የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 በእንግሊዝ አገር ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን ያገኙት ሰው ሠራሽ ክር ሲሆን፣ ረጃጅም ሞለኪውሎቹ በቀዝቃዛው ሁኔታ ተጠጋግተው የሚኖሩና ውሃ የማያስገቡ ናቸው። ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲጫን ግን ሞለኪውሎቹ ይላላሉ፤ ጋዝ የሆነው ማቅለሚያ በመካከላቸው ይገባል፤ ጨርቁ ሲቀዘቅዝም መግቢያው ይዘጋና ማቅለሚያው በውስጥ ታስሮ ይቀራል። በእጅ ሲዳሰስ ምንም ሽፋን የማይሰማው፣ ሲታጠብም የማይሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚሰነጠቅ ነገር በገጹ ላይ የለምና።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ወሰኑም ነው። ጥጥ ማቅለሚያውን የሚያስገባና የሚዘጋ አካል ስለሌለው፣ በመቶ በመቶ ጥጥ ላይ በሰብሊሜሽን የታተመ ምስል ከመጫኛው ሲወጣ ውብ ሆኖ ይታይና በመጀመሪያው እጥበት አብዛኛው ይሄዳል። ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅለው በተሠሩ ጨርቆች ላይ የፖሊስተሩ ድርሻ ብቻ ቀለሙን ስለሚይዝ ምስሉ ያረጀ ይመስላል፤ ይህን መልክ ሆን ብለው የሚፈልጉ ሠሪዎችም አሉ። ማቅለሚያው ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑም በነጭና በፈዛዛ ጨርቅ ላይ ካልሆነ አይታይም። በገበያ ላይ ጥጥ ነው የተባለ ሁሉ ጥጥ ስላልሆነ፣ ከልብሱ ስፌት ውስጥ ጥቂት ክር ተመዝዞ በጥንቃቄ ቢለኮስ እውነቱ ይታወቃል፤ ጥጥ እንደተቃጠለ ወረቀት እየሸተተ ወደ ልስልስ አመድ ሲለወጥ፣ ፖሊስተር ግን እየተኮማተረ ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ያበጃል።

በሰብሊሜሽን ሥራ ወረቀቱ በሙቀቱ ጊዜ ወይም መጫኛው በሚነሣበት ቅጽበት ለጥቂት ቢንሸራተት፣ ገና እየተነነ ያለው ማቅለሚያ ከዋናው ምስል አጠገብ ሁለተኛ ጥላ ያትማል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሙቀት በሚችል ፕላስተር ይያያዛል። ጨርቁም አስቀድሞ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻውን ተጭኖ በውስጡ ያለው እርጥበት እንዲወጣ ይደረጋል።

በቅርብ ዓመታት የኅትመት ቤቶችን ሥራ የለወጠው ዲቲኤፍ የተባለው ዘዴ ነው። ምስሉ በፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል፤ ከቀለሙ በላይ ነጭ ቀለም ይደረብበታል፤ ቀለሙ ሳይደርቅም በሙቀት የሚቀልጥ የማጣበቂያ ዱቄት ይነሰነስበትና ይጋገራል፤ በመጨረሻ ፊልሙ በጨርቁ ላይ ተጭኖ ሲላጥ ነጩ ከሥር፣ ምስሉ ከላይ ሆኖ ይቀራል። ቀደም ሲል የተገለጸውን የነጭ ችግር ስለሚፈታ በጥቁር ጥጥ ላይም ሆነ በፖሊስተር ላይ ይሠራል። ነጩን ቀለም የሚሠራው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ማዕድን ግን ከባድ በመሆኑ በቀለሙ ማጠራቀሚያ ግርጌ ይዘቅጣል፤ ያለማቋረጥ ካልተነቃነቀም የማተሚያውን ጭንቅላት ይደፍናል። ለአንድና ለሁለት ቲሸርት ሲባል ማሽኑን መግዛት ኪሳራ ነው፤ የታተመውን ፊልም ከኅትመት ቤት አዝዞ በራስ ሂት ፕሬስ ማሳረፍ ግን ይቻላል።

እንጨት ላይ

እንጨት እንደ ጨርቅ በሙቀት የሚያቅፍ ክር የለውም፤ ስለዚህ ቶነሩን ከወረቀቱ የሚቀበል ሙጫ ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚመረጠው አክሪሊክ ጄል ሲሆን፣ ይህም ለሠዓሊዎች የሚሸጥ፣ ሲቀባ ነጭ ሲደርቅ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀለም ያልተቀላቀለበት የአክሪሊክ ማሰሪያ ነው። አክሪሊክ ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቶነርም ፕላስቲክ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጣበቃሉ። ወረቀት ግን ሴሉሎስ ከተባለው የዕፅዋት አካል የተሠሩ አጫጭር ጭረቶች እርስ በርስ የተያያዙበት በመሆኑ ውሃ ሲነካው ይፈራርሳል። ዘዴው በሙሉ የተመሠረተው ውሃ ወረቀቱን ፈትቶ ቶነሩንና የደረቀውን ጄል ሳይነካ በመተዉ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ምስሉን ገልብጦ በተራ ወረቀት ላይ በሌዘር ፕሪንተር ወይም በፎቶ ኮፒ በማተም ነው። እንጨቱ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና ከአቧራ ጸድቶ፣ ጄሉ በእኩል ውፍረት ይቀባበታል፤ ከሳሳ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ከወፈረ ደግሞ ወረቀቱ ይንሸራተታል። ኅትመቱ በግንባሩ ተደፍቶ ከመካከል ወደ ጠርዝ በፕላስቲክ ካርድ እየተገፋ አየሩ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ከጠርዝ የሚያመልጠው ጄል በወረቀቱ ጀርባ ላይ ከደረቀ ውሃ ስለማያስገባ ወዲያውኑ መጠረግ አለበት። ከዚያ በኋላ ሥራው ሙሉ ሌሊት፣ በክረምት ወይም እርጥበት ባለበት አካባቢ ደግሞ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይተዋል። በዚህ ዘዴ የሚበላሸው ሥራ አብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ፣ በትዕግሥት ማጣት ነው።

ጄሉ መድረቁ ሲረጋገጥ የወረቀቱ ጀርባ በረጠበ ስፖንጅ ይነከራል፤ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ምስሉ በወረቀቱ ውስጥ እየጎላ መታየት ሲጀምር፣ በጣት ሆድ ክብ እየሠሩ ማሸት ይቻላል። ወረቀቱ እየተጠቀለለ ጥቃቅን ነጭ ድቡልቡሎች እየሆነ ይነሣል። ጥፍር፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ጥድፊያ ቶነሩን ስለሚያነሡት አይገቡበትም፤ በተለይ ፊትና ዓይን ያሉበት ሥፍራ ከሁሉም መጨረሻ፣ በጣም በቀለለ እጅ መሠራት አለበት። እርጥብ ሳለ ፍጹም ጠርቶ የታየው ምስል ሲደርቅ ጭጋግ እንደለበሰ ነጣ ብሎ ቢታይ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ የቀረው የወረቀት ጭረት ነው፤ እንደገና ረጥቦ ይታሻል። ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገሙ የተለመደ ነው። የመጨረሻውን ስስ ጭጋግ በማሸት ፋንታ በላዩ ላይ ቫርኒሽ ወይም አንድ ንብር ጄል ቢቀባ፣ ጭረቶቹ ፈሳሹን ጠጥተው ብርሃን ስለሚያሳልፉ ጭጋጉ ይጠፋል።

የእንጨቱ ምርጫ የምስሉን ግማሽ ይወስናል። ፈዛዛ ቢጫ መልክና ጠባብ ጅማት ያለው ዝግባ የፊትን ገጽታ ሳያዛባ ይቀበላል፤ ጠቆር ያለና ጅማቱ የጎላ እንጨት ደግሞ ለዛፍ፣ ለሕንጻና ለመልክዓ ምድር ፎቶግራፍ ይስማማል። ሰሌዳው ጠቁሮ ምስሉ የሰው ፊት ከሆነ፣ አስቀድሞ ስስ ነጭ አክሪሊክ ቀለም መቀባት የነጩን ጉድለት ይተካል፤ የእንጨቱ ውበት ግን ይሸፈናል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይህን የገጽና የምስል ጉዳይ የሚፈቱበት የቆየ መንገድ ነበራቸው፤ ሥዕሉን በጥጥ ሸራ ላይ ከፈጸሙ በኋላ ሸራውን ከነሥዕሉ በግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። በዚያ አሠራር ምስሉ ከመደቡ ስለማይለይ የሚጠፋ ነጭ የለም።

ጄል በሌለበት ቶነሩን በኬሚካል አሟሙቶ ማሻገርም ይቻላል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 የጣሊያናዊውን ባለቅኔ የዳንቴን የ«ሲኦል» ክፍል ለመሣል ባዘጋጃቸው 34 ሥራዎች፣ ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶግራፎችን በላይተር ፈሳሽ እያራሰ፣ በወረቀት ላይ ደፍቶና ከጀርባ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ እየፋቀ ምስሎቹን አሻግሯል፤ የእስክሪብቶው ጭረቶች በሥራዎቹ ላይ ጎልተው ይታያሉ። የዛሬ ሠሪዎች በላይተር ፈሳሽ ፋንታ በቶነር ኅትመት ላይ አሴቶን ይጠቀማሉ። ዘዴው ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ምስሉ ገርጣ ብሎና ተቆራርጦ ስለሚወጣ ለዘመድ ፎቶግራፍ አይመከርም። ከዚህ ሁሉ በላይ አሴቶን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳን በእሳት የሚያያዝ ትነት ስላለው፣ ከሰል፣ ሻማ ወይም ምድጃ በተለኮሰበት ቤት ውስጥ ጨርሶ መከፈት የለበትም፤ መስኮቶች ተከፍተውና ጓንት ተደርጎ ብቻ ይሠራበታል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ጄሉን መምረጥ ብልህነት ነው።

ብርሃን፣ ሸክላና እሳት

ከማሻገር ጋር ዝምድና ያለው፣ ነገር ግን ቀለሙ በራሱ በጨርቁ ውስጥ የሚፈጠርበት አንድ ጥንታዊ ዘዴ አለ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1842 ያገኘው ሳያኖታይፕ፣ ሁለት የብረት ውህዶች በውሃ ተሟሙተው በወረቀት ወይም በጥጥ ጨርቅ ላይ ተቀብተው ጨለማ ውስጥ ከደረቁ በኋላ፣ ፀሐይ ያገኘው ክፍል ብቻ ወደ ጥልቅ ሰማያዊነት የሚለወጥበት ነው። በዓመቱ አና አትኪንስ የተባለችው የዕፅዋት ተመራማሪ የባሕር አልጌዎችን ምስል በዚህ ዘዴ አትማ ማሳተም ጀመረች። ለፎቶግራፍ ሲሆን ምስሉ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ይታተምና በጨርቁ ላይ ተነጥፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም በውሃ ብቻ ይታጠባል። ሥራውን የሚያከናውነው ከዓይን የተሰወረው አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሆነና ይህ ጨረር በከፍታ ቦታ ስለሚበረታ፣ የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ የበጋ ፀሐይ ለዚህ ጥበብ የተመቸች ናት። በጋቢና በነጠላ ላይም ይሠራል፤ ጥጥ ፈሳሹን ይጠጣልና። ሰማያዊው ግን የሶዳነት ጠባይ ባለው ሳሙና ይደበዝዛል፣ በረኪናም ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ዘወትር ለሚታጠብ ልብስ ሳይሆን ለግድግዳ ጨርቅ ይመጥናል።

ፎቶግራፍ ያለበት ኩባያ በብዙ ቤት ይገኛል፤ ይሁንና አብዛኛው ኩባያ ምስሉን በሸክላው ላይ አይዝም። ሸክላ የሰብሊሜሽን ማቅለሚያ የሚያስገባ አካል ስለሌለው፣ ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ኩባያዎች በፋብሪካ የፕላስቲክ ሽፋን የተቀቡ ናቸው፤ ምስሉ የገባው በሽፋኑ ውስጥ ነው። ከገበያ የተገዛ ተራ ሲኒ በምንም ዓይነት ሙቀት ቢጫን ምስል አይቀበልም። ሽፋኑ በሽቦ ከተፋቀ ወይም እየቆየ ከተላጠ ምስሉም አብሮ ይሄዳል።

ሸክላውን ራሱን ምስል እንዲይዝ የሚያደርገው እሳት ብቻ ነው። ቡሎና ካታን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1854 ፎቶግራፍን በሸክላና በኢናሜል ላይ በእሳት የማጽናት ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዘገቡ፤ በደቡብና በምሥራቅ አውሮፓ መካነ መቃብሮች ላይ የሚታዩት ሞላላ የሟቾች ምስሎች የተስፋፉት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ቀለሙ ከብረታ ብረት ኦክሳይድ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ከሸክላው የመስታወት ልባጥ ጋር ቀልጦ ይዋሐዳል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይና ዝናብ እምብዛም አይጎዱትም። በኢትዮጵያም በሐውልት ላይ የሟችን ፎቶግራፍ ማኖር የተለመደ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ሐውልት ሲያሠራ ሠሪውን አንድ ነገር ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፤ ምስሉ በእሳት የተቃጠለ ነው ወይስ በማጣበቂያ የተለጠፈ ኅትመት? ተለጣፊው ሲሠራ ደማቅና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ቀን ፀሐይ በሚያገኘው ሥፍራ ቀለሙ እየፈዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ፊቱን መለየት ያዳግታል። ለእሳት ሥራ አቅም ካልፈቀደ ጥቁርና ነጭ ኅትመት መምረጡ የተሻለ ነው፤ ጥቁሩን የሚሠራው ካርቦን ከሌሎች ማቅለሚያዎች ሁሉ ይልቅ ፀሐይን ይችላል።

በመጨረሻ፣ በፎቶ ቤት የታጠበ ፎቶግራፍ ከእነዚህ ዘዴዎች በየትኛውም አይሻገርም። የጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ብርና የባለ ቀለሙ ማቅለሚያ ጄላቲን በተባለ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ በሚገኝ ስስ ንብር ውስጥ የተያዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣው የፎቶ ወረቀት ደግሞ በሁለቱም ጎኑ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ውሃ አይፈታውም። ካውያ ጄላቲኑን ያኮማትረዋል፣ ረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ መንከርም ያላቅቀዋል፤ ያ ፎቶግራፍ የአያት ብቸኛ ምስል ከሆነ ጥፋቱ የማይመለስ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የቤተሰብ ፎቶግራፍ አስቀድሞ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ተደርጎ፣ ፋይሉ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተቀምጦ፣ ለሥራው የሚቀርበው ከፋይሉ የታተመው ቅጂ ብቻ ይሁን፤ ዋናው ፎቶግራፍ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ይቀመጥ።